ለዘይነባ፦ ወደ ላይኛው ፎቅ ስላልደረሰው ውሃ

ውዷ ባለቤቴ ዘይነባ፣

አላህ በራሕመቱ ይቀበልሽ፤ ማረፊያሽንም ሰፊና ነፋሻ ያድርግልሽ። ከተለየሽን ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። «ነፋሻ» የሚለውን አውቄ ነው የጨመርኩት፤ ግንቦት ሲገባ ድሬዳዋ ምን እንደምትመስል አንቺ ታውቂያለሽ። ከቀትር በኋላ የቤታችን ግድግዳ ከውስጥ በኩል እንኳ እጅ አያስጠጋም። ይህን የምጽፍልሽ በላይኛው ፎቅ፣ የመጨረሻውን ዓመትሽን በተኛሽበት ክፍል፣ መስኮቱ ሥር ካለው ወንበርሽ ላይ ተቀምጬ ነው። ዕድሜዬን በሙሉ የጻፍኩት ፍርድ ነበር። ፍርድ ላይ ደግሞ «ፍርድ ቤቱ መርምሯል»፣ «ፍርድ ቤቱ አምኖበታል» ይባላል እንጂ «እኔ» አይባልም። እዚህ ደብዳቤ ላይ «እኔ» ማለት እንዴት እንደከበደኝ ብታዪ ትስቂብኝ ነበር።

በቤታችን የተለወጠውን ላጫውትሽ። ልጃችን ሒክመት አሁንም ከእኔው ጋር ናት። ጠዋት ታስተምራለች፤ ከቀትር በኋላ ትመለሳለች። ቁም ሣጥንሽን እየከፈተች አየር ታስገባለታለች፤ እስካሁን ግን አንድም ልብስ አላወጣችም። እኔ ደግሞ ጭኔ ተሰብሮ ነበር፤ ድኛለሁ፤ በከዘራ እሄዳለሁ። ከሁሉ የሚበልጠው ለውጥ ግን በመንገድ ለሚያልፍ ሁሉ የሚታይ ነው፤ ጣሪያችን ላይ፣ በአራት የብረት እግር የቆመ የውሃ ታንከር አለ። የላይኛው ፎቅ ሻወርም ይሠራል። ሲከፈት በኃይል ይወርዳል፤ ትከሻ ይመታል።

ይህችን አንዲት ወሬ ልነግርሽ ብዕር ካነሣሁ ሦስት ወር አልፏል። የዘገየሁት ቀጥሎ የሚመጣውን ጥያቄ ስለማውቀው ነው። ያኔስ ለምን አልሠራም?

ከዚራ ሰፈር ባለው የአባቴ ቤት ላይ ፎቅ የጨመርንበትን ዓመት ታስታውሻለሽ። የመታጠቢያ ቤቱን ንጣፍ የመረጥሽው አንቺ ነሽ፤ «ሰማያዊው ይሁን፤ ሲያዩት ያቀዘቅዛል» ብለሽ። ሥራው አልቆ ሻወሩን መጀመሪያ የከፈትነው ቀን፣ ታችኛው ቤት ባልዲ በደቂቃ የሚሞላው ውሃ ፎቁ ላይ ሲደርስ እንደ ክር ቀጠነ። ቀና ብለሽ አየሽውና «ዳኛው፣ ይሄ ሻወር ያለቅሳል እንጂ አያጥብም» አልሽ። ሁለታችንም ሳቅን። ደስ ሲልሽም ሲከፋሽም «ዳኛው» ነበር የምትዪኝ፤ ልዩነቱን የማውቀው በድምፅሽ ነበር። ያን ቀን ደስ ብሎሽ ነበር። መጀመሪያ የጠየቅሽኝ ያኔ ነው። እኔ ግን ጥያቄ መሆኑን አላወቅሁም፤ ቀልድ መስሎኝ አለፍኩት።

ለሁለተኛ ጊዜ የጠየቅሽኝ ኩላሊትሽ ታሞ ሰውነትሽን ማሳከክ የጀመረሽ ጊዜ ነው። ሐኪሙ ጠዋትና ማታ በቀዝቃዛ ውሃ እንድትታጠቢ አዘዘ። ደረጃው እየከበደሽ መጥቶ ነበርና «ታች መውረድ አልችልም፤ ላይ ደግሞ ውሃ የለም፤ አንድ ነገር አድርግ» አልሽኝ። የሰጠሁሽን መልስ ዛሬም ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፤ «ከኑሪያ ቤት ያስነቀልኩትን እኔ ቤት ልተክለው ነው?» አልኩሽ።

ይህን ደብዳቤ ሌሎችም ስለሚያነቡት የኑሪያን ነገር ማስረዳት ይኖርብኛል። ኑሪያ የግድግዳ ጎረቤታችን ናት። በከተማችን ውሃ በተራ እንደሚመጣ ይታወቃል። የእሷ ባለቤት በመንገዱ መስመር ላይ ፓምፕ ገጥሞ፣ ውሃ በሚመጣበት ቀን እየሳበ ወደ ፎቁ ይልክ ጀመር። ፓምፑ ሥራ ሲጀምር የሌላው ሰው ቧንቧ ውሃ መስጠቱን ትቶ ያፏጫል። የሰፈሩ ሰው ተሰብስቦ ወደ እኔ መጣ፤ ከፍርድ ቤት ጡረታ ብወጣም ሽምግልናው አልለቀቀኝም ነበርና። ግራ ቀኙን ሰማሁ። ከጋራ መስመር መሳብ የጎረቤትን ድርሻ መውሰድ ነው አልኩ፤ ፓምፑ ይነሣ አልኩ፤ በማግስቱ ተነሣ። ያ ውሳኔ ትክክል ነበር፤ ዛሬም አልለውጠውም። ስሕተቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በዓለም ላይ ያሉት መንገዶች ሁለት ብቻ እንደሆኑ ቆጠርኩ፤ ወይ የጎረቤትን ውሃ መስረቅ፣ ወይ ከክሩ ሥር መቆም። መስረቅ የማልችል ሰው ስለሆንኩ አንቺን ከክሩ ሥር አቆምኩሽ። ይህንንም ጽድቅ አልኩት።

ሦስተኛው በመጨረሻው ረመዳንሽ ነበር። አንቺ መጾም አልቻልሽም፤ እኔ ግን ጾመኛ ነበርኩ፤ ሙቀቱ ሁለታችንንም አድክሞናል። በልጅነትሽ መንደር በቢዮ አዋሌ ዝናብ ሲመጣ እናትሽ «ግቡ!» እያሉ ሲጣሩ እናንተ ልጆቹ እንዴት እንደምትደበቁ አወራሽልኝ። ከዚያ «አንድ ቀን ብቻ፣ ዝናብ ላይ እንደቆመ ሰው ልሁን» አልሽኝ። እኔም «ዘይኑዬ፣ ሰው ቦኖ ላይ በጀሪካን እየተሰለፈ እኛ ይህን መመኘት ይከብደናል» ብዬ መለስኩልሽ። «እሺ፣ ዳኛው» አልሽ። ድምፅሽን ሰምቼው ነበር። የትኛው «ዳኛው» እንደሆነ አውቄዋለሁ፤ አላወቅሁም ብዬ አልምልም።

ከዚያ በኋላ አልጠየቅሽኝም።

ያረፍሽ ዕለት ሴቶቹ ገላሽን ሊያጥቡ ወደ ላይ ወጡ። እኔ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ትንሽ ቆይቶ አንዷ ወጥታ «በዚህ ውሃ አይሆንም» አለች። ወዲያው ከታች የእግር ኮቴ ተሰማ። ኑሪያ ናት፤ በሁለት እጇ ሁለት ጀሪካን ይዛ፣ ከኋላዋም ሌሎች ሴቶች እየተከተሏት፣ እኔን አልፋ ወጣች። ተመልሳ ወረደች፤ ደግማ ወጣች። ስንት ጊዜ እንደተመላለሰች አልቆጠርኩም። አንዴም ቀና ብላ አላየችኝም፤ እኔ ግን መንገድ ለመልቀቅ ጉልበቴን ወደ ግድግዳው ማስጠጋት ነበረብኝ። ከዚያ ውሃው ሲፈስ ሰማሁ። ብዙ ውሃ፣ ሳይቋረጥ። በዚያ ክፍል ውሃ እንደዚያ ሲወርድ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

ከአንቺ በኋላ ወደ ታች ተመልሼ መኖር እችል ነበር። ሒክመትም ለመነችኝ። አልጋሽን ትቼ መውረድ ግን አቃተኝ። ስለዚህ ባልዲ እየሞላሁ ወደ ላይ ማውጣት ጀመርኩ። አምስት ወር እንዲህ ኖርኩ። አንድ ጠዋት ከላይ ሦስተኛው ደረጃ ላይ ውሃው ፈሰሰ፤ እግሬ ከዳኝ፤ እኔም ባልዲውም አብረን ወረድን። ጭኔ ተሰበረ። ቀዶ ሕክምናው ካለቀ በኋላ ሰዎች ተሸክመው ወደዚሁ ክፍል መለሱኝ፤ ደረጃ መውረድም ተከለከልኩ። እንግዲህ በአንቺ ቦታ ገባሁ ማለት ነው። ያንኑ ጣሪያ አየሁ። ያንኑ ቬንትሌተር ሰማሁ። መብራት ሲጠፋ ቬንትሌተሩ ቀስ እያለ ሲቆም፣ ሙቀቱ ከግድግዳው ወጥቶ ደረት ላይ እንዴት እንደሚቀመጥ ለመጀመሪያ ጊዜ አወቅሁት። እዚህ ቤት አብረን ኖረናል ብዬ ነበር የማስበው። ለካ እኔ የኖርኩት ታች ነው።

አሁን የምነግርሽን ለማንም አልተናገርኩም። አንድ ረፋድ ሒክመት ትምህርት ቤት ሳለች ብቻዬን ልታጠብ ተነሣሁ። የፕላስቲክ ወንበር ሻወሩ ሥር አስገብቼ፣ በሩን ዘግቼ፣ ክራንቼን ግድግዳው ላይ አስደግፌ ተቀመጥኩ። ራሴንና ፊቴን ሳሙና ለቅልቄ ሳበቃ ክሩ ወደ ጠብታ ተለወጠ፤ ቀጥሎ ጠብታውም ተወ። ሳሙናው ዓይኔ ውስጥ ገባ። ክራንቼን ስዳብስ ተንሸራቶ ወደቀ። ወለሉ ሙልጭልጭ ነው፤ ብነሣ እንደምወድቅ አውቃለሁ። ዓይኔን ጨፍኜ፣ ራቁቴን፣ ሳሙናው ገላዬ ላይ እየደረቀ ተቀመጥኩ። ችሎት ስገባ ሰው ሁሉ የሚነሣልኝ ሰው ነበርኩ፤ ያን ረፋድ ከአንዲት የፕላስቲክ ወንበር መነሣት አልቻልኩም። ብጣራ የሚሰማኝ አልነበረም። እጄ ቧንቧውን ሲነካው በጣቴ ቀለበት ማንኳኳት ጀመርኩ።

ያኔ ነው አንቺን የሰማሁሽ። አንቺም እንዲሁ ነበር የምታንኳኪው። ድምፁ በቧንቧው ወርዶ ማድ ቤት ይሰማል፤ እኔም ሳሎን ከሽማግሌዎቹ ጋር ሆኜ እሰማው ነበር። «ሒክመት፣ እናትሽ ትጠራሻለች» እልና ነገሬን እቀጥላለሁ። አንድ ቀን ግን ሒክመት አልነበረችም። የሁለት ወንድማማቾችን የርስት ክርክር እየሸመገልን ነበር፤ ነገሩ ሊቋጭ ትንሽ ቀርቶታል። አንኳኳሽ። «ትንሽ ትታገሠኝ» ብዬ በልቤ አልኩ። ደግመሽ አንኳኳሽ። ከዚያ ዝም አልሽ። ወንድማማቾቹ ታርቀው፣ ተመርቀው፣ እስከ በር ከሸኘኋቸው በኋላ ወደ ላይ ወጣሁ። ወንበሩ ላይ ተቀምጠሻል፤ ሳሙናው ትከሻሽ ላይ ነጭ ሆኖ ደርቋል። ቀና ብለሽ «ታረቁ?» አልሽኝ። «ታረቁ» አልኩሽ። «አልሐምዱሊላህ» አልሽ።

ሒክመት እኔን ያገኘችኝ ከቀትር በኋላ ተመልሳ ነው። በጀሪካን ውሃ አምጥታ ዓይኔን አጠበችኝ፤ ልብስ አለበሰችኝ። ማምሻውን መጥታ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠችና «አባዬ፣ ነገ ሰው አምጥቼ መስመሩ ላይ ፓምፕ አስገጥማለሁ» አለች። ስለ ኑሪያ፣ ስለ ሰፈሩ፣ ስለ ቃሌ ልነግራት ጀመርኩ። አላስጨረሰችኝም። «ለእማዬ እምቢ አልክ። አሁን ደግሞ ለራስህ እምቢ ልትል ነው? ስምህን ነው የምትታጠበው?» አለችኝ። ልጃችን በዚያ ቃና ስታናግረኝ ያ የመጀመሪያዋ ነው። ፓምፑ ከተገጠመ ቃሌ ይፈርሳል፤ ካልተገጠመ ልጄ ሸክም ላይ ታረጃለች። ከሁለት አንዱን እንኳ «ትክክል ነው» ብዬ ልፈርም አልቻልኩም። በመጨረሻ «ከመወሰንሽ በፊት ግርማን ጥሪልኝ» አልኳት።

ግርማን ታውቂዋለሽ፤ የባቡር ሠራተኛ ልጅ፣ ከእኔ ጋር አንድ ወንበር ላይ ተቀምጦ የተማረ፣ የሰፈሩን ቧንቧ ሁሉ በእጁ የሚያውቅ፣ ምላሱ ከመጋዙ ይልቅ የሰላ። ሲገባ ገና ከበሩ «አቦ ዳኛው! አሁንስ በቁም እስር ተፈረደብህ ማለት ነው?» አለኝ። የሻወሩን ራስ ፈትቶ አሳየኝ፤ ከቀዳዳዎቹ ግማሹ ውሃችን ሲደርቅ በሚተወው ነጭ ድንጋይ ተደፍኗል። «ይሄ የድሬ ጥርስ ነው» ብሎ ሒክመትን አቼቶ አስመጥቶ ዘፈዘፈው። ከዚያ ጣሪያ ወጣ። ሲወርድ አልሳቀም። ከድሮ ጀምሮ ጣሪያው ላይ የነበረው ታንከራችን ከሻወሩ ራስ በላይ ያለው ከፍታ አንድ ሜትር እንኳ እንደማይሞላ፣ የሚያወርደውም ቧንቧ ቀጭን ሆኖ ሰባት ቦታ እንደሚታጠፍ ነገረኝ። «ታችኛው ቤት ለምን ይበረታል? ከታንከሩ ስለሚርቅ ነው። ላይኛው ለምን ያለቅሳል? አፍንጫው ሥር ስለሆነ ነው። ዳኛው፣ ውሃ ሹመት አያውቅም፤ የሚያውቀው ከፍታ ነው» አለኝ።

እኔም የክርክሩን ጭብጥ እንደያዘ ሰው፣ ከጋራው መስመር ፓምፕ እንደማላስገጥም አስረግጬ ነገርኩት። ግርማ እንደ ልጅነታችን ራሴን ሊኮረኩመኝ ምንም አልቀረውም። «ከመንገዱ መስመር ብትስብ የጎረቤትህን ነው። ከራስህ ታንከር ብትስብ ግን የራስህን ነው፤ ማን ከለከለህ? ግን እሱም አያስፈልግህም፤ መብራት ሲጠፋ ይቆማል። ታንከሩን ሦስት ሜትር አንሣው፤ ቧንቧውን አስፋው፤ መታጠፊያውን ቀንስ። ከፍታ መብራት አይጠፋበትም» አለ። ነገሩ ይህን ያህል ነበር፣ ዘይነባ። ሰው ሳይበደል፣ ሕግ ሳይጣስ፣ የሁለት ቀን ሥራ።

«ታዲያ ይህን እስከ ዛሬ ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት። ግርማ በመስኮቱ ወደ ግቢው ጠቆመ። አንቺ ልብስ የምታሰጪበት ገመድ የታሰረበት የብረት መቆሚያ አለ አይደለ? አራት እግር ያለው? «ያ ምን ይመስልሃል?» አለኝ። «ሠርቼ ሰቅዬልህ ነበር እኮ። በሦስተኛው ቀን አውርደው ያልከኝ ማነው?»

ያኔ ትዝ አለኝ። ፎቁ ያለቀ ሰሞን ነው። ከችሎት ስመለስ ሴቶች ቦኖው ላይ ጀሪካናቸውን ደርድረው ቆመዋል። አንዷ ቀና ብላ ወደ ቤታችን አየች፤ እኔም ዓይኗን ተከትዬ ሳይ፣ ታንከራችን ከጣሪያው በላይ ሰማይ ላይ ቆሟል። ሰውነቴን እሳት ላሰኝ። «የዳኛውን ውሃ እዩት» ያለች መሰለኝ፤ ያለች አይመስለኝም። በማግስቱ ግርማን ጠርቼ ታንከሩን ከመከለያው ግንብ ጀርባ እንዲደብቀው አዘዝኩት። «ውሃው ይደክማል» አለኝ። «ይድከም» አልኩት። አንቺ ለምን እንደወረደ ስትጠይቂኝ «ከሰው ዓይን» አልኩሽ። ከዚያ ረሳሁት። ሻወሩን የመጀመሪያ ጊዜ የከፈትነው ታንከሩ ከወረደ በኋላ ነው። ስለዚህ አንቺ ዝናቡን አንድ ቀን እንኳ አላየሽውም። እኔ ደግሞ ለዓመታት ስለ ደካማው ውሃ ከተማውን አማሁ፤ ድርቁን አማሁ፤ ዘመኑን አማሁ። ምስክር ሁሉ ጠርቼ እጠይቅ የነበርኩ ሰው፣ ገዛ ጣሪያዬ ላይ ወጥቶ ያየውን ሰው አንድ ጥያቄ አልጠየቅሁም። መድኃኒቱ ግቢያችን ውስጥ ቆሞ፣ አንቺ በገዛ እጅሽ እርጥብ ልብስ ታሰጪበት ነበር።

ግርማ መቆሚያውን ጠግኖ፣ ቀለም ቀብቶ፣ እግሮቹን በቤቱ ምሰሶዎች አናት ላይ አሳረፈ፤ የሞላ ታንከር ከባድ ስለሆነ ባዶ ጣሪያ ላይ እንደማይቀመጥ እየነገረኝ። ታንከሩ በገመድ ሲወጣ እኔ መስኮቱ ሥር ተቀምጬ መንገዱን አየሁ። ያን ዓይን ጠበቅሁ። አንዲት ጀሪካን የያዘች ሴት ቆም ብላ ቀና አለችና ለጓደኛዋ «ዳኛው የመስጊድ መናራ እያሠሩ ነው እንዴ?» አለቻት። ሁለቱም ሳቁ፤ ሄዱ። ያ ነበር የሰው ዓይን። አንዲት ቀልድ ነበረች፤ ማእዘኑን ሳይዞሩ ረሷት። እኔ ግን ይህችን ቀልድ ፈርቼ የአንቺን ገላ ለዓመታት ውሃ ነሣሁት።

ኑሪያንም አስጠራኋት። በከዘራዬ ተደግፌ ልነሣላት ሞከርኩ፤ አስቀመጠችኝ። ለእሷም መላ እንደነበረ ነገርኳት። ታች ገንዳ ተሠርቶ ከመስመሩ ውሃ በራሱ ጊዜ ሲሞላ፣ ከገንዳው ወደ ላይ በፓምፕ መግፋት ማንንም አይበድልም፤ ግርማም ሊሠራላት ዝግጁ ነው አልኳት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። «ዳኛው፣ ፍርዱስ ልክ ነበር፤ እኛም አጥፍተናል» አለች። «ግን ያኔ አማቴ ፎቁ ላይ ታማ ተኝታ ነበር። እርስዎ ፈርደው ወደ ቤትዎ ገቡ። እኔ ከዚያ ቀን ጀምሮ ውሃ ተሸክሜ ስወጣ አንድ ሰው እንኳ ‹ታዲያ በምን ታጥቢያታለሽ?› አላለኝም። አንድ ሰው ብቻ ጠየቀኝ፤ ዘይነባ ናት።» ይህን አላውቅም ነበር። በሽታሽ ሳይጠናብሽ በፊት እየሄድሽ አሮጊቷን አብረሻት ታጥቢ እንደነበር አልነገርሽኝም። የእኔን ፍርድ አንቺ ትፈጽሚው ነበር፤ በባልዲ።

ሥራው ያለቀ ቀን ሒክመት ወንበሩን አስገባችልኝ፤ ከበሩ ውጭም ቆማ ጠበቀችኝ። ከፈትኩት። ውሃው በአንዴ ወረደ፤ ራሴን፣ ትከሻዬን፣ ጀርባዬን መታኝ። ቀዝቃዛ ነበር፤ ብዙ ነበር። ለሰውነቴ እውነቱን ልናገርለት፣ ደስ አለው። እኔ ግን ከሥሩ መቆየት እንጂ መውጣት አልቻልኩም። እስከ ዛሬም እንደዚያው ነው። ጭኔ ድኗል፤ ደረጃውን እወርዳለሁ፤ እስከ ገበያ ድረስ በባጃጅ ሄጃለሁ። ጠዋት የሻወሩን መክፈቻ ባዞርኩ ቁጥር ግን ሦስቱ ጥያቄዎችሽና ሦስቱ መልሶቼ ይከፈታሉ፤ በሩም ከውጭ የተዘጋ ይመስለኛል። ስንቱን ሰው «የይግባኝ ጊዜህ አልፏል» ብዬ መልሻለሁ። ሰውየው ከዚያ ወዴት እንደሚሄድ አስቤ አላውቅም ነበር። የትም አይሄድም። እዚያው ይቆያል።

ባለፈው ሳምንት ለነፍስሽ ዱዓ አስደረግን። ሰፈሩ ሁሉ መጣ፤ ግርማም ከወንዶቹ ጋር ተቀመጠ። አንቺን ማንሣት ጀመሩ። ደግነትሽ ተወራ፤ ሳቅሽ ተወራ። ከዚያ አንድ አዛውንት «ዘይነባ እኮ በዕድሜዋ ለራሷ ምንም ጠይቃ አታውቅም» አሉ። ሁሉም «እውነት ነው፣ እውነት ነው» አለ። በልማዴ ራሴን ልነቀንቅ ነበር። አንገቴ እምቢ አለኝ። «ጠይቃለች» አልኩ። «ሦስት ጊዜ ጠይቃኛለች። ውሃ ነው የጠየቀችኝ፤ መስጠት እችል ነበር፤ የሰው ዓይን ፈርቼ ከለከልኳት» አልኩ። ድምፄ ፍርድ የማነብ ሳያስመስለኝ አልቀረም።

አዛውንቱ እንባቸውን ጠረጉ። «ማሻአላህ፣ እዩት ትሕትናውን! ባል ማለት እንዲህ ነው» አሉ። ሌላውም ተቀበላቸው፤ መረቁኝ፤ አንዱ እጄን ሳመኝ። ዘይነባ፣ ጥፋቴን ተናግሬ ሙገሳ ይዤ ገባሁ። ሰዎቹ ደጎች ናቸው፤ አልፈርድባቸውም። ግን ባለፈው ዘመኔ ሁሉ በደንብ አድርጌ የሠራሁት ስም እንደ ግንብ ዞሮኝ፣ እውነቱ ሊወጣ ቢሞክር እየመለሰው ነው። ያላመሰገነችኝ ሒክመት ብቻ ናት። ተነሥታ ብርጭቆዎቹን ሰበሰበች።

ይህን ደብዳቤ ዘግቼ መሳቢያ ውስጥ ያላስቀመጥኩት፣ ሁሉም እንዲያነበው የጻፍኩት ስለዚህ ነው። ምናልባት ይህንንም ትሕትና ይሉት ይሆናል። ይበሉት። እኔ በቀረኝ ዕድሜ በዱዓም፣ በጨዋታም፣ ልጅሽ የምትወልዳት ልጅ ስለ አያቷ ስትጠይቀኝም፣ አንቺን የማነሣሽ እንደዚህ ነው። ታጋሽ ነበረች አልልም፤ ታግሠሽ ሳይሆን ተከልክለሽ ነውና። ምንም አልጠየቀችም አልልም። ውሃ ትወድ ነበር፤ ሰውነቷ ይቃጠል ነበር፤ በሚገባኝ ቋንቋ፣ በግልጽ፣ ስሜን ጠርታ ጠይቃኝ ነበር እላለሁ። ባያምኑኝም ደግሜ እላለሁ።

ባልሽ